ድንኳን ከሌለ፣ ነገ ሁለት ሰዓት

ዓርብ ማታ ማታ፣ እራት ተበልቶ ዕቃ ከታጠበ በኋላ፣ ባስኬት ለማሠለጥናቸው ልጆች ወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ የምጽፋት አንዲት መስመር አለች። ሦስት ዓመት ሙሉ አልተቀየረችም፦ «ድንኳን ከሌለ፣ ነገ ሁለት ሰዓት። ውኃ ያዙ።»

ለማያውቅ ላብራራ። ሜዳችን ኮንዶሚኒየሙ መሃል ያለች የሲሚንቶ ወለል ናት። የቱ ሳይት እንደሆነ አልናገርም፤ ኮሚቴዎቹም ስልክ አላቸው። በግቢው ውስጥ ደልዳላው ቦታ እሱ ብቻ ስለሆነ የማይፈልገው ሰው የለም። ሰርግ ሲኖር ድንኳን ይተከልበታል። ለቅሶ ሲኖር ድንኳን ይተከልበታል። ክረምቱ ወጥቶ ፀሐይ ስትጠና በርበሬ ይሰጣበታል። ቅዳሜ ጠዋት መኪና ይታጠብበታል፤ መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ የተመዘገበ ሁሉ ወደ ኋላ መንዳት የሚለማመደው እዚያ ነው። ከእነዚህ ሁሉ ጋር ተደራድሬያለሁ። መኪና አጣቢዎቹ ከአራት ሰዓት በኋላ ይመጣሉ፣ በርበሬውም ወደ አንዱ ጥግ ይሰበሰባል። ለቅሶ ግን ድርድር የለውም። ሰው ሞቶ «ሜዳው የልጆቹ ነው» የምልበት አፍ ከየት አመጣለሁ? እንዲህ ባለው ቅዳሜ ልጆቹ ኳሱን ቤት ትተው የዕድሩን ወንበር ያወርዳሉ። ሁለት ሁለት ሆነው አንድ አግዳሚ ወንበር ሲሸከሙ ላያቸው፣ ከሜዳው ይልቅ እዚህ ላይ የተሻለ ይቀባበላሉ።

ስጀምር ልጆችን ባስኬት አስተምራለሁ ብዬ ነበር። ዛሬ ሙያሽ ምንድን ነው ብትሉኝ፣ ሳምንት ጠብቆ ሁለት ሰዓት ያህል ሜዳ ባዶ ማድረግ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በ2014 ክረምት ነው። የእህቴ ልጅ ያኔ ሰባት ዓመቷ ነበር። ትምህርት ቤት ተዘግቶ እኔ ጋ ሰነበተች። ቁም ሳጥን ውስጥ ዩኒቨርሲቲ እያለሁ የተጫወትኩባት ኳስ አለች፤ ቁጥር 7፣ ቆዳዋ የተላጠ። አገኘቻትና ይዛ ወረደች። ሜዳው ላይ ያን ጊዜ አንድ አሮጌ ሪንግ፣ ኳሱ የሚገባበት የብረት ቀለበት፣ ነበር፤ መረብ የለውም፣ ዝገቱ ግን እንደ ቀለም ያምራል። ልጅቷ ኳሷን በሁለት እጇ ይዛ፣ ጎንበስ ብላ፣ በእግሮቿ መሃል አወዛውዛ ወደ ሰማይ ወረወረቻት። ኳሷ የሪንጉን ግማሽ እንኳ ሳትደርስ ተመለሰች፤ የተመለሰችው ደግሞ አፍንጫዋ ላይ ነው። ደም መጣ። እየሮጥኩ ስደርስ አታለቅስም። አንገቷን ቀና አድርጋ ሪንጉን ታያለች።

«አክስቴ፣ ይሄ ለማን ነው የተሠራው?»

የሚመለስ ጥያቄ ነው። ሪንጉ ከመሬት 3 ሜትር ከ5 ሳንቲም ላይ ነው፣ በዓለም ሁሉ። ለምን? በፈረንጆቹ 1891 ዲሴምበር ላይ፣ ማሳቹሴትስ ስፕሪንግፊልድ ውስጥ፣ ጄምስ ናይስሚዝ የተባለ የካናዳ ተወላጅ የስፖርት መምህር፣ ብርድ ቤት የዘጋባቸውን ተማሪዎቹን የሚያጫውትበት ነገር ፈልጎ ሁለት የኮክ ቅርጫት አስመጣ። ቅርጫቶቹን የጂሙ ሰገነት ታችኛው እንጨት ላይ ቸነከራቸው። ያ እንጨት ከመሬት 10 ጫማ ነበር። በቃ፣ ምክንያቱ ይሄው ነው። አናጢው ሰገነቱን አንድ ክንድ ዝቅ አድርጎ ሠርቶት ቢሆን ኖሮ ዓለም ሁሉ አንድ ክንድ ዝቅ ባለ ሪንግ ይጫወት ነበር። የመጀመሪያዎቹ ተጫዋቾች ደግሞ 18 ሰዎች ነበሩ፣ ሁሉም ጎልማሶች። የእህቴን ልጅ ማንም አላሰባትም።

ያ ጂም የክርስቲያን ወጣቶች ማኅበር ማሠልጠኛ ነበር። እኛ ወወክማ የምንለው ማኅበር ማለት ነው። አባቴ በወጣትነቱ ኳስ የነካው አራት ኪሎ በነበረው ወወክማ ነው፤ እኔን ያስተማረኝ እሱ ነው፤ እኔም ያቺን ከፍታ ሳልጠይቅ ተቀብዬ ኖሬያለሁ። ከአናጢው እስከ እህቴ ልጅ አፍንጫ ድረስ የመጣው መስመር ቀጥ ያለ ነው።

መፍትሔውም አዲስ ነገር አይደለም። በፈረንጆቹ 1950 አካባቢ ጄይ አርቸር የሚባል ሰው ፔንሲልቬንያ፣ ስክራንተን ውስጥ ለትንንሽ ልጆች ሪንጉን ዝቅ፣ ኳሱን አነስ አድርጎ አጫወታቸው። ዛሬ ሚኒ ባስኬት ሲባል ሕግ አለው፤ ዕድሜያቸው እስከ 12 ለሆኑ ልጆች ሪንጉ 2 ሜትር ከ60፣ ኳሱ ቁጥር 5። ቁጥር 7 ኳስ 600 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ቁጥር 5 ግማሽ ኪሎ አይሞላም። ለእኛ መቶ ግራም ምንም ነው፤ ለሰባት ዓመት ልጅ የእጅ አንጓ ግን ብዙ ነው።

በማግሥቱ ከሳይቱ ጀርባ ወዳሉት ብየዳ ቤቶች ሄድኩ። ደብተር ወረቀት ላይ ሥያለሁ፣ ልኬቱን ጽፌያለሁ። አንድ አዛውንት በያጅ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ወረቀቱን አገላብጠው አዩት።

«ይሄ የዲሽ ማቆሚያ ነው?»

«የባስኬት ሪንግ ነው ጋሼ። ለልጆች።»

«ታዲያ አጠረ።»

«ልጆቹም አጭር ናቸው።»

ሳቁና ተስማማን። አሮጌ የመኪና ጎማ ውስጥ ሲሚንቶ ተሞልቶ መሠረት ሆነ፤ ከዚያ አንዱ ቱቦ ሌላው ውስጥ የሚገባ ምሰሶ፣ በብሎን የሚያያዝ፣ ከፍ ዝቅ የሚል። ሪንጉን ከፌሮ አጎበጡት። ልወስድ ስሄድ ስለካው 45 መሆን የነበረበት 38 ሳንቲም ሆኗል። «ኳሱ ይገባል አይደል?» አሉኝ። ይገባል። «ታዲያ!» ብለው ሌላ ሥራ ጀመሩ። ግማሽ ቀን ተከራክሬ ነው ያስቀየርኳቸው። ምሰሶው ላይ ሁለት ቀዳዳ ነበር ያዘዝኩት፣ አንዱ ለ2 ሜትር ከ20፣ አንዱ ለ2 ሜትር ከ60። ቤት ወስጄ ሳየው ሦስት ቀዳዳ ነው። ሦስተኛውን ሳለካው 3 ሜትር ከ5። ደውዬ ጠየቅኋቸው።

«ልጅ ያድጋል» አሉኝ፣ ስልኩንም ዘጉት።

ይቺን ቃል ልብ በሉልኝ፣ ምክንያቱም በዚያው ሳምንት ሁለተኛ ጊዜ ሰማኋት። ኳስ ልገዛ ስታዲየም ዙሪያ ወዳሉት የስፖርት ዕቃ ሱቆች ሄድኩ። ቁጥር 5 አለ ወይ ስለው ሻጩ ከመደርደሪያ ቁጥር 7 አወረደ። የለም፣ ለትንንሽ ልጆች ነው አልኩት። «እህቴ፣ ትልቁን ውሰጂ፣ ልጅ ያድጋል።» የትምህርት ቤት ጫማ አደረገው! ሁላችንም በዚህ አድገናል፤ ጫማችን ጫፉ ላይ ጨርቅ ተጠቅጥቆ፣ ሹራባችን እስከ ጉልበት ወርዶ፣ ልክ ሲሆንልን ተቀዶ አልቆ። ጫማስ እሺ፣ ኑሮ ነው። ኳስ ግን ልጁ ለዚያኛው ዓመት አይደለም የሚጫወተው። ለዚህ ቅዳሜ ነው። ሻጩ ጓዳ ገብቶ አቧራ የለበሱ ሦስት ቁጥር 5 ኳሶች አወጣልኝ፤ ስንት ዓመት እንደተቀመጡ እንጃ።

ከሪንጉ ጀርባ በሚቆመው ሰሌዳ ላይ ግን ራሴ ተሳሳትኩ። በያጁ ከላሜራ እንሥራው ሲሉኝ ዝናብ አያበላሸውም ብዬ እሺ አልኩ። የመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት፣ የመጀመሪያው ኳስ ላሜራውን ሲመታ አራቱም ብሎክ ነቃ። ላሜራ ድምፁ ዝም ብሎ ድምፅ አይደለም፤ ይንቀጠቀጣል፣ ያስተጋባል፣ ቀስ ብሎ ይሞታል። አሥረኛው ኳስ ላይ ሁለተኛ ፎቅ የሚኖሩ እትዬ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ወረዱ። ነርስ ናቸው፣ ከሌሊት ተረኝነት ገብተው ገና ጋደም ማለታቸው ነበር።

«ልጄ፣» አሉኝ፣ ቁጣ እንኳ በሌለው ድምፅ፣ «ቅዳሴ ገባ ወይ? ደወሉን እየሰማሁ ነው።»

አፈር ብሆን ይሻለኝ ነበር። ይቅርታ ጠይቄ፣ ልጆቹን ሰብስቤ የዚያን ቀን ያለ ሪንግ አጫወትኳቸው። ሰኞ ጎሚስታው ጋ ሄጄ የተቀደደ ካላማደሪያ ለመንኩ፤ ቆርጠን ከላሜራው ጀርባ በማስቲሽ ለጠፍነው፣ በሽቦም አሰርነው። ከዚያ በኋላ ድምፁ «ጓ» መሆኑ ቀርቶ «ዱብ» ሆነ። እትዬም «አሁን ልብ ትርታ መሰለ» ብለው ፈቀዱልኝ። ዛሬ ጉልበት የተላጠ፣ ጣት የታጠፈበት ልጅ ሁሉ ሁለተኛ ፎቅ ነው የሚሮጠው።

አሁን ስለ ራሱ ሥልጠናው። የመጀመሪያው ወር በሙሉ አበላሽቼዋለሁ። እኔን እንዳሠለጠኑኝ ነበር ያሠለጠንኳቸው፤ 22 ልጅ፣ ሦስት ኳስ፣ ሦስት ሰልፍ። ፊት ያለው ይወረውራል፣ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ተራ ይጠብቃል። ሰልፍ ላይ ያለ ልጅ ምን ያደርጋል? ፊት ያለውን ይቆነጥጣል። አንድ ቀን አንዲት ዝምተኛ ልጅ መርጬ በአንድ ሰዓት ውስጥ ኳስ ስንት ጊዜ እንደምትነካ ቆጠርኩ። ስድስት ጊዜ። አንድ ሰዓት ሙሉ ስድስት ጊዜ! ሰልፉንማ ቤታቸውም ያውቁታል፣ ለዳቦ፣ ለታክሲ፤ እኔ ጋ መጥተው ሊማሩት አይገባም።

ከዚያ ወዲህ ሰልፍ የሚባል የለም። ቤቱ የሚነጥር ኳስ ያለው ሁሉ ይዞ ይመጣል፤ የፕላስቲክም ይሁን፣ ቴኒስም ይሁን፣ እግር ኳስም ይሁን። እና እነሱ የሚያውቁትን ጨዋታ እንጫወታለን። ሌባና ፖሊስ፣ ግን ሌባውም ፖሊሱም ኳስ እያነጠሩ። ኳሱ ያመለጠበት ሌባ ተይዟል። እያነጠሩ ቀና ብሎ ማየትን በቃል ባስተምር ዓመት ይፈጅብኝ ነበር፤ ፖሊስ ሲያባርረው ግን ኳሱን የሚያይ ሌባ የለም። መሬቱ ላይ በጠመኔ ሰኞ ማክሰኞ እንሥላለን። ሰኞ ማክሰኞ የተጫወተች ልጅ በአንድ እግር ዘላ በሁለት እግር ማረፍን፣ ማረፍ ብቻ ሳይሆን መስመር ሳትረግጥ ቀጥ ብላ መቆምን፣ ከሕፃንነቷ ታውቃለች። ባስኬት ውስጥ ኳስ ይዞ መቆም ማለት ያው ነው። ትራቭል የሚሉትን፣ ኳስ ሳያነጥሩ ይዞ የመራመድን ጥፋት ለወንዶቹ ለማስረዳት ወር ፈጀብኝ፤ ሴቶቹ ግን በመጀመሪያው ቀን ገባቸው። «መስመር ረገጥክ እኮ ነው የምትልህ» ብላ አንዷ ለወንድሟ ተረጎመችለት።

ያልቻልኩት ነገር አለ። ኳስ ሲገባ «ጎል!» ብለው ነው የሚጮኹት። ጎል አይባልም፣ ነጥብ ነው፣ ቅርጫት ነው፣ ብዬ ብዬ ደከመኝ። የገባውም ልጅ እጁን እንደ ክንፍ ዘርግቶ ሜዳውን ይዞራል፤ ሌሎቹ ይከተሉታል፤ ተከላካይ የሚባል የለም። ከሳልቫጅ የተገዛ፣ የአሜሪካው ትልቅ የባስኬት ሊግ የኤንቢኤ ኮከብ የሆነውን የከሪን ቁጥር 30 ማሊያ የሚለብሰው ልጅ እንኳ ሲያገባ የሚያደርገው የእግር ኳስ ነው። ትቼዋለሁ። በእግር መምታት ግን ክልክል ነው፤ የመታ ኳሱን ራሱ ያመጣል፣ ኳሱ ደግሞ ሁልጊዜ የሚገባው የቆሻሻ ገንዳው ሥር ነው።

ለስድስት ዓመቱ ልጅ ስለሆነው ነገር ልንገራችሁ። ለሳምንታት ጥርሱ ይነቃነቅ ነበር፤ በምላሱ እየገፋ ያሳየናል። አንድ ቅዳሜ የተወረወረለትን ኳስ በእጁ ሳይሆን በአፉ ተቀበለው። ጥርሱ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። ሌሎቹ ክብ ሠርተው አዩት። ልጁ ደሙን በማሊያው ጠረገና ጥርሱን አነሣ፤ ጣሪያ ላይ ሊወረውረው ነው፣ የወተት ጥርስ ደንቡ እንዲያ ነው። ችግሩ እኛ የምንኖረው ባለ አራት ፎቅ ነው። ቀና ብሎ አየ፤ የእህቴ ልጅ ሪንጉን ያየችውን አስተያየት። ከዚያ ዞር ዞር አለና የጥበቃዎቹን ቤት ቆርቆሮ አየ። ሁለት እግሩን አስተካከለ፣ ጉልበቱን ሸብረክ አደረገ፣ ክርኑን ከፍ አደረገ፤ ስድስት ወር ሙሉ ስለው አልሰማ ያለኝን ነገር ሁሉ አደረገ። ጥርሷም ቆርቆሮው ላይ «ቂው» ብላ አረፈች። «ጎል!» ብለው ግቢውን አደበላለቁት። ጥበቃው ጋሼ ብቅ ብለው «ማነው ጠጠር የሚወረውረው?» ሲሉ ሁሉም አንድ ላይ «ጥርስ ነው!» አሏቸው። እናቱ ማታ ደውላ ተቆጣችኝ፣ ልክ ናት። ግን ያቺን አወራወር አልረሳትም።

ሴቶቹን ማቆየት ከሁሉም ይከብዳል። ሰባት ስምንት ዓመት ላይ ግማሽ በግማሽ ናቸው። ዘጠኝ፣ አሥር ሲሞላቸው ቅዳሜ ጠዋት ቤት ይፈለጋሉ፤ ልብስ አለ፣ ጽዳት አለ፣ ሕፃን መያዝ አለ። ወንድሟ ይወርዳል፣ እሷ በረንዳ ላይ ቆማ ታያለች። ቤት ለቤት ሄጄ ቡና ጠጥቻለሁ። ስብከት እንደማይሠራ ቶሎ ነው የገባኝ፤ «የሴት ልጅ ስፖርት» ብዬ ስጀምር እናቶቹ በትሕትና ቡና ይደግሙልኛል። የሠራው ሰዓት መቁረጥ ነው። «አራት ሰዓት ከአምስት ቤት ናት፤ ካልመጣች ደውይልኝ» አልኩ፤ አራት ሰዓት ከአምስት ላይም ራሴ ደረጃው ድረስ አደርሳለሁ። አንዷ ደግሞ ሁለት ዓመት ተኩል የሆነውን ወንድሟን አዝላ መጣች። ሌላ ቦታ የምታስቀምጠው የላትም። ከእነ ልጁ ትግባ አልኩ። ሕፃኑን አጠገቤ አስቀምጬ እንዳያለቅስ ፊሽካውን ሰጠሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳኛችን እሱ ነው። በፈለገው ሰዓት ይነፋል፣ በነፋ ቁጥር ጨዋታው ይቆማል፤ ልጆቹ ማን እንዳጠፋ ራሳቸው ተከራክረው ይወስናሉ። ከእኔ ፍርድ የተሻለ ነው፣ ቢያንስ ማንም በአድልዎ አይከሰውም።

ክረምት ላይ ደግሞ ፍልሰታ አለ። የመጀመሪያውን ዓመት አላሰብኩበትም ነበር። ነሐሴ 1 ካለፈ በኋላ ያለው ቅዳሜ ከ30 ልጅ 11 መጣ። ሌሎቹ ነጠላቸውን አጣፍተው ቅዳሴ ናቸው። ከመጡትም ግማሾቹ ጾመኞች ናቸው፤ አንዷ ስትሮጥ ቆይታ መሬት ላይ ቁጭ አለች፣ ከንፈሯ ደርቋል። ውኃ ሰጠኋት። በዓይኗ አየችኝ፤ እንዴት ያለ ዓይን መሰላችሁ። «ኮች፣ ቆራቢ ነኝ እኮ።» አዋቂ ሰው ሁዳዴን ይሰብራል፣ እነዚህ ፍልሰታን አይሰብሩም። አሁን በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ቅዳሴ ወጥተው፣ በልተው፣ ከአሥር ሰዓት በኋላ ነው የምንገናኘው፤ ዝናቡ ከፈቀደ ማለት ነው፤ ነሐሴ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይፈቅድም። ቅዳሜ ጠዋት መድረሳ ያላቸው ልጆችም አሉኝ፤ ሦስት ሰዓት ላይ ነው የሚለቀቁት። እነሱ እስኪመጡ ጨዋታ አንጀምርም፣ ሌባና ፖሊስ ብቻ ነው። ይህን የወሰንኩት እኔ አይደለሁም፣ ልጆቹ ናቸው፤ ያለ እነሱ ቡድኑ አይሞላም።

ስለ ወላጆች ብዙ አልልም፤ ያነቡታል። አብዛኞቹ ደጎች ናቸው። አንድ አባት ግን ልጁ ገና ስድስት ዓመቱ ሳለ «ኮች፣ በእውነት ንገሪኝ፣ ኤንቢኤ ይደርሳል?» አለኝ። እንደ ቀልድ አይደለም፣ ዓይን ዓይኔን እያየ ነው። መጀመሪያ የጫማ ክሩን ማሰር ይድረስ አልኩት። ተቀየመኝ። ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ የመጣ የአንዷ አጎት ደግሞ ሻንጣው ውስጥ አራት ቁጥር 5 ኳሶች አየራቸው ወጥቶ ተጣጥፈው አመጣልን፣ ፓምፕም ጭምር። እግዜር ይስጠው፣ የረሳው መርፌዋን ብቻ ነው። ጎሚስታው አንዱን ኳስ በራሱ መላ ነፍቶ እንደ ድንጋይ አደረገው። መርፌዋ እስክትገኝ አንድ ወር የቀሩትን ሦስቱን እንደ ሰሐን ተደርድረው አየናቸው።

ነጥብ አልይዝም። ልጆቹ ግን ይይዛሉ፣ እያንዳንዱ የየራሱን፤ ሲያልቅ ሁሉም ያሸነፈ ነው። ባለፈው ዓመት ከሌላ ሳይት ቡድን ጋር ተጫወትን፤ ያኛው ቡድን የምር ነጥብ ያዘ፣ 26 ለ8 ተሸነፍን። መልስ መንገድ ላይ ታክሲ ውስጥ ያ ጥርሱ የወለቀው ልጅ «ስምንት አገባን እኮ!» እያለ ለረዳቱ ይነግረዋል። ረዳቱ «እነሱስ?» አለው። ልጁ ትንሽ አሰበና «እነሱም አገቡ» አለ።

አሮጌው ሪንግ ባለፈው ዓመት ሞተ። ድንኳን ተካዮች ገመድ አሰሩበት፣ ሌሊት ነፋስ መጣ፣ ጠዋት ሰርገኛው ሳይመጣ ሪንጉ መሬት ላይ ነበር። ማን ያስጠግን በሚለው ኮሚቴው ሁለት ጊዜ ተሰብስቦ ሁለት ጊዜ ሻይ ጠጥቷል። እናም የቀረን የጋሼ ምሰሶ ብቻ ነው።

የእህቴ ልጅ አሁን አሥራ አንድ ልትደፍን ነው። ስትዘል የመረቡን ጫፍ ትነካለች። ከሦስት ሳምንት በፊት እሷና አራት ጓደኞቿ ከሥልጠና በኋላ ፊቴ ቆሙ። ሪንጉ ከፍ ይበል ነው የሚሉት። ሕጉ እስከ 12 ዓመት ነው አልኳት። ስለ ናይስሚዝ ሰገነት የነገርኳት እኔ፣ ሕግ እጠቅስላታለሁ። «አክስቴ፣ ቀዳዳው እኮ አለ» አለችኝ። ወደ ሦስተኛው ቀዳዳ በጣቷ እያሳየችኝ። ትንንሾቹስ? አልኳት። ስታስብበት ነው የከረመችው፤ «ሁለት ሰዓት ላይ የነሱ፣ ሦስት ተኩል ላይ የኛ፤ ብሎኑን እኔ አወጣለሁ።»

ባለፈው ቅዳሜ ከኋላዬ ሞከሩት። አልወጣም። ሦስት ክረምት ዝናብ የጠጣ ብሎን ነው፣ ከምሰሶው ጋር አንድ ሆኗል። በያጁ ጋ ሄድኩና ነገርኳቸው። ምንም አላሉም፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ፈገግ ብቻ አሉ። እኔም እሺ አልኩ፣ አሸንፈውኛል። ቅዳሜ መጥተው ሊቆርጡት፣ አዲስ ብሎንም በግሪስ ሊገጥሙልን ተስማማን።

ትናንት ዓርብ ነበር። ጻፍኩ፦ «ድንኳን ከሌለ፣ ነገ ሁለት ሰዓት። ውኃ ያዙ። በያጅ ስለሚመጣ ምሰሶው ሥር መኪና አይቁም።» ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ከብሎክ ሦስት መልስ መጣ። «ኮችዬ ይቅርታ፣ ነገ የትንሿ ክርስትና ነው። ድንኳን አለ። ልጆቹን ለወንበር ብትልኪልን።»

ለበያጁ ደወልኩ። ለሚቀጥለው ሳምንት ይሁንልን ጋሼ፣ አልኳቸው።

«ብሎኑ የት ይሄዳል» አሉኝ፣ ስልኩንም ዘጉት።